ለኮምፒውተር የሚሆን ርካሽ 5.1 ስፒከር፦ ከመምረጥ እስከ መግጠም

«ከላፕቶፔ ጋር የሚሠራ፣ ኪስ የማይጎዳ 5.1 ስፒከር ንገረኝ» የሚል ጥያቄ ተቋርጦብኝ አያውቅም። ጠያቂው የሚጠብቀው የሞዴል ስም ነው። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ኮምፒውተርህ ላይ ስንት የድምፅ ቀዳዳ አለ? ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። ስድስት ስፒከር ተሸክሞ ቤቱ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያወጣው የሁለት ድምፅ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከስፒከሩ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ እንጀምር። ደረጃዎቹን በተራ ሂዱባቸው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳትጨርሱ ብር አታውጡ።

5.1 ሲባል አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ (ሰብዉፈር) ማለት ነው። ሁለቱ ከፊት ግራና ቀኝ፣ አንዱ መሃል፣ ሁለቱ ከኋላ ይቀመጣሉ። 2.1 ደግሞ ሁለት ስፒከርና ቤዝ ነው። ከዚህ በታች ቁጥሮቹን በዚሁ ትርጉም ነው የምጠቀመው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜትር፣ ክፍሉንና የገመዱን መንገድ ለመለካት
- ሁለቱ ጫፍ ጃክ የሆነ 3.5 ሚሊሜትር ገመድ፣ ሦስት ፍሬ (ከስፒከሩ ጋር ካልመጣ)
- የስፒከር ገመድ፣ ውፍረቱ ከ0.75 እስከ 1 ካሬ ሚሊሜትር
- ጃክ ቀዳዳ ያለው ስልክ፣ ሱቅ ውስጥ ለመፈተሽ
- አንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ
- ፕላስተርና እስክሪብቶ፣ ገመዶቹን ለመሰየም
- ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ወይም ስታቢላይዘር
- ላፕቶፕ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ባለብዙ ቀዳዳ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ

ደረጃ 1፦ የኮምፒውተራችሁን ቀዳዳዎች ቁጠሩ

ዴስክቶፕ ከሆነ ጀርባውን እዩ። ክብ የድምፅ ቀዳዳዎች በቀለም ተለይተው ተደርድረዋል። አረንጓዴው ለፊት ስፒከሮች ነው። ጥቁሩ ለኋላ፣ ብርቱካናማው ለመሃልና ለቤዝ። ሮዙ የማይክ ነው። ሰማያዊው ድምፅ ከውጭ ማስገቢያ ነው። ግራጫ ካለ በ7.1 ላይ ለጎን ስፒከሮች የሚውል ነው።

ለምን ሦስት ቀዳዳ አስፈለገ? አንዱን ጃክ ይዛችሁ ጫፉን አስተውሉት። ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ቀለበቶች ብረቱን ለሦስት ከፍለውታል። ጫፉ የግራውን ድምፅ ይወስዳል፤ መሃሉ የቀኙን፤ ሥሩ የሁለቱ የጋራ መመለሻ ነው። አንድ ጃክ ከሁለት ድምፅ በላይ አይሸከምም። ለስድስት ድምፅ ሦስት ጃክ የግድ ነው። አንዱን ቀዳዳ ለሦስት የሚከፍል ገመድ ሱቅ ውስጥ ቢሰጧችሁ እንዳትቀበሉ። ያ ገመድ አንዱኑ ስቴሪዮ (የግራና የቀኝ ሁለት ድምፅ) ሦስት ቦታ ያባዛል እንጂ 5.1 አይሠራም።

ዴስክቶፓችሁ ሦስት ቀዳዳ ብቻ (አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ) ቢኖረው ተስፋ አትቁረጡ። ብዙዎቹ ሪልቴክ የድምፅ ቺፕ ስላላቸው በሶፍትዌር የቀዳዳውን ሥራ መቀየር ይቻላል። ሰማያዊው ለኋላ ስፒከር፣ ሮዙ ለመሃልና ለቤዝ ይሆናል። ማይካችሁን ያን ጊዜ ከፊት ባለው ቀዳዳ ትሰካላችሁ።

ላፕቶፕ ከሆነ ነገሩ አጭር ነው። አንድ ቀዳዳ ነው ያለው፤ የሚያወጣውም ስቴሪዮ ብቻ ነው። ሌላ መንገድ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 2፦ መንገዳችሁን ምረጡ

እውነተኛ 5.1 ከኮምፒውተር የሚወጣባቸው መንገዶች አራት ናቸው። ብሉቱዝ ከእነሱ ውስጥ የለም። ተራ የብሉቱዝ ሙዚቃ ግንኙነት የሚያስተላልፈው ሁለት ድምፅ ነው። ሣጥኑ ላይ «5.1 ብሉቱዝ» ተብሎ ቢጻፍም በብሉቱዝ የሚመጣው ስቴሪዮ ነው፤ ስፒከሩ ራሱ ነው ለስድስቱ የሚያድለው።

ሀ. ሦስት ጃክ። ዴስክቶፕ ላላቸው ርካሹና ቀላሉ መንገድ ነው። የምትገዙት ስፒከር ከኋላው ለፊት፣ ለኋላ፣ ለመሃልና ቤዝ የተለያየ መግቢያ ሊኖረው ይገባል። መግቢያው ሦስት የጃክ ቀዳዳ ወይም ስድስት አርሲኤ (ክብ ባለቀለም ሶኬት) ሊሆን ይችላል። አርሲኤ ከሆነ አንድ ጫፉ ጃክ፣ ሌላው ጫፉ ሁለት አርሲኤ የሆነ ገመድ ሦስት ትገዛላችሁ።

ለ. የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ። ላፕቶፕ ላላቸው የምመክረው ይህን ነው። ላፕቶፑ ላይ ይሰካና ሦስቱን ቀዳዳዎች ይሰጣችኋል። ነገር ግን ስትገዙ ቀዳዳ ቁጠሩ። አውራ ጣት የምታህል፣ «7.1» ተብሎ የተጻፈባት፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫና አንድ የማይክ ቀዳዳ ብቻ ያላት ዕቃ በየሱቁ ሞልታለች። እሷ በሶፍትዌር የተመሰለ 7.1 ነው የምትሰጠው፤ የምታወጣው ስቴሪዮ ነው። ትክክለኛው ካርድ ቢያንስ ሦስት የስፒከር መውጫ ይኖረዋል። ብዙ ጊዜ የክብሪት ሣጥን ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል።

ሐ. ኤችዲኤምአይ ወደ ኦዲዮ ሪሲቨር። የዲሽ ሪሲቨር ማለቴ አይደለም፤ ስፒከሮች የሚታሰሩበት ትልቁ አምፕሊፋየር ነው። በኤችዲኤምአይ እስከ ስምንት ያልተጨመቀ ድምፅ ያልፋል። ላፕቶፕም ቢሆን ኤችዲኤምአይ ካለው በዚህ መንገድ 5.1 ያወጣል። ከውጭ አገር የመጣ ያገለገለ ሪሲቨር በተመጣጣኝ ዋጋ ካገኛችሁ ጥሩ ግዢ ነው። ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ «ኢን» የሚል የኤችዲኤምአይ መግቢያ እንዳለው፣ ከኤችዲኤምአዩም ድምፅ ማንበብ እንደሚችል። የቆዩ አንዳንድ ሪሲቨሮች ምስሉንና ድምፁን ወደ ቴሌቪዥን ያሳልፋሉ እንጂ ድምፁን ራሳቸው አያጫውቱም።

መ. ኦፕቲካል። ቀይ ብርሃን የሚወጣበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው። ለፊልም ይሆናል። በኦፕቲካል የሚያልፈው ወይ ባለሁለት ያልተጨመቀ ድምፅ ነው፣ ወይ በዶልቢ ዲጂታል ወይም በዲቲኤስ የተጨመቀ 5.1። ፊልሙ ውስጥ ያለው ድምፅ አስቀድሞ ስለተጨመቀ በቀጥታ ያልፋል፤ ስፒከሩ ይፈታዋል። ጌም ግን ድምፁን በየቅጽበቱ ስለሚፈጥር፣ ኮምፒውተሩ ዶልቢ ዲጂታል ላይቭ ወይም ዲቲኤስ ኮኔክት (ድምፁን በዚያው ቅጽበት የሚጨምቁ ሶፍትዌሮች) ከሌለው በኦፕቲካል ስቴሪዮ ብቻ ነው የምትሰሙት። ዋናው ሥራችሁ ጌም ከሆነ ይህን መንገድ እርሱት።

ማስጠንቀቂያ፦ የሆም ቴአትር ወጥመድ

ይህ ለብቻው ቦታ ይገባዋል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። ዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ሆም ቴአትር፣ አምስት ቆንጆ ስፒከርና ትልቅ ቤዝ ይዞ፣ ያገለገለው በደህና ዋጋ ይሸጣል። ሻጩ ከኋላው ያለውን ኤችዲኤምአይ እያሳየ «ከኮምፒውተር ጋር ይሠራል» ይላችኋል። ጎንበስ በሉና ጽሑፉን አንብቡ። አብዛኞቹ ላይ «አውት» ነው የሚለው። ይህ ማለት ከዲቪዲው ወደ ቴሌቪዥን የሚወጣ ነው፤ ኮምፒውተር አይቀበልም። ከኮምፒውተር የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ቀይና ነጭ አርሲኤ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ስቴሪዮ ነው። 5.1 የሚያጫውተው የራሱን ዲስክ ስታስገቡለት ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ስፒከሮቹን ነቅሎ ሌላ አምፕሊፋየር ላይ ማሰርም አይመከርም። የብዙዎቹ ስፒከሮች 3 ወይም 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ናቸው። ተራ ሪሲቨር ደግሞ በአብዛኛው ለ6 ወይም ለ8 ኦም የተሠራ ነው። ኦሙ ሲያንስ ከአምፕሊፋየሩ የሚሳበው ኃይል ይበዛል፤ ይግላል፤ ድምፅ ከፍ ስታደርጉ ራሱን ያጠፋል ወይም ይቃጠላል። የኦሙን ቁጥር ከስፒከሩ ጀርባ ታገኙታላችሁ።

እንዲህ ያለ ሆም ቴአትር ኦፕቲካል መግቢያ ካለው ግን በመንገድ «መ» ለፊልም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ያኔ ዋጋው ካልተጋነነ አይከፋም።

ደረጃ 3፦ ክፍሉንና ገመዱን ለኩ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤዙ ከሚቀመጥበት ተነስታችሁ በግድግዳው ሥር እስከ ኋላ ስፒከሮች ድረስ ለኩ። በበሩ ዙሪያ፣ በቁም ሳጥኑ ጀርባ የሚዞረውንም ጨምሩ። ስፒከሮቹ የሚታሰሩት ቤዙ ላይ ስለሆነ ርቀቱ ከዚያ ነው የሚቆጠረው። በዓይን 3 ሜትር የመሰለው ሲዞር 6 ሜትር ይሆናል።

ለምን አስፈለገ? ርካሽ ሲስተሞች ላይ ገመዱ አጭር ነው። አንዳንዱ ደግሞ ስፒከሩ ላይ የተበየደ ስለሆነ ቆርጦ መቀጠል ግድ ይላል። ጫፉ በሚጫን ክሊፕ የሚታሰር ከሆነ ግን ተራ የስፒከር ገመድ ገዝታችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ታስረዝማላችሁ። ሁለት ተቀራራቢ ዋጋ ያላቸው ሲስተሞች ካሉ ባለክሊፑን ውሰዱ።

ደረጃ 4፦ ዋቱን በትክክል አንብቡ

ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር እለፉት። «1500 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚለው ለማስታወቂያ የሚጻፍ ቁጥር ነው፤ የሚለካበት የታወቀ ደንብ የለውም። የሚያስፈልጋችሁ አርኤምኤስ የሚለው ነው፤ ስፒከሩ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚያሳየው እሱ ነው። ታማኝ አምራች ሁለቱንም ይጽፋል። ለምሳሌ የሎጂቴክ ዜድ607 በከፍተኛው 160 ዋት፣ በአርኤምኤስ 80 ዋት ነው።

አርኤምኤስ ካልተጻፈ ሌላ ዘዴ አለ። ቤዙን አዙሩና የኤሌክትሪክ ጽሑፉን እዩ። «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት» ይል ይሆናል። 60 ዋት ከሶኬት የሚስብ ዕቃ 1500 ዋት ድምፅ አይሰጥም፤ ከሚበላው በላይ ማውጣት የሚችል ማሽን የለም። አንዳንድ አምራች አማካይ ፍጆታውን ስለሚጽፍ ለአጭር ጊዜ ትንሽ ሊበልጥ ይችላል። ሃያ እጥፍ ግን አይሆንም።

ስንት ዋት ይበቃል? 4 በ4 ሜትር ለሆነ ሳሎን ወይም መኝታ ቤት ከ50 እስከ 80 ዋት አርኤምኤስ ይበቃል። ለዋት ብላችሁ ብዙ አትጨምሩ። ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ እምብዛም አያስተውለውም። እጥፍ ሆኖ እንዲሰማችሁ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል።

ብሩ የሚበቃው ለመጨረሻው ርካሽ 5.1 ብቻ ከሆነ በዚያው ዋጋ ደህና 2.1 ግዙ። አንድ ዓይነት ገንዘብ ለስድስት ስፒከር ሲከፈልና ለሦስት ሲከፈል የዕቃው ጥራት አንድ አይሆንም። በተለይ ቀኑን ሙሉ ዩቲዩብና ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው 5.1 ትርፍ ነው። ብር ካላችሁና አንድ ጊዜ ገዝታችሁ መገላገል ከፈለጋችሁ ደግሞ የሎጂቴክ ዜድ906 ዓይነቱን እዩ። 500 ዋት አርኤምኤስ ነው፣ ኦፕቲካል መግቢያ አለው፣ ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ ራሱ ይፈታል። ርካሽ ግን አይደለም።

ደረጃ 5፦ ቮልቴጁን አረጋግጡ

ከአሜሪካ ዘመድ ለሚያስመጣ ሰው ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። የአሜሪካ ኮረንቲ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከቤዙ ጀርባ «100–240 ቮልት» ከተባለ የትም ይሠራል፤ የሶኬት አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። «120 ቮልት» ብቻ ከተባለ እኛ ሶኬት ላይ በሰካችሁት ቅጽበት ይቃጠላል። ስልክ ቻርጀር ሁለቱንም ስለሚቀበል ስፒከርም የሚቀበል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ብዙዎቹ ቤዞች ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ግን ለአንድ ቮልቴጅ የተጠመጠመ ነው።

ዕቃው ደርሶ ከሆነ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ። አቅሙ ስፒከሩ ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ይበልጥ ስለሚሞቅ ትርፍ አቅም ይጠቅማል። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠውን ትንሽ መንገደኛ መቀየሪያ እንዳትሞክሩ፤ ኮረንቲውን ቆራርጦ ስለሚያወርድ ለድምፅ ዕቃ አይሆንም። ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ቮልቴጁ ይስማማል፤ ሶኬቱ ባለሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሚሆን አዳፕተር ብቻ ነው የሚፈልገው።

ደረጃ 6፦ ሱቅ ውስጥ በስልካችሁ ፈትሹ

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ሳይሰማ የሚገዛ ስፒከር የለም። ሻጩ ብሉቱዝ ላይ ዘፈን ከፍቶ ሲያስጮኸው ምንም አልተፈተሸም፤ የተሰማው ስቴሪዮ ነው። እናንተ እንዲህ አድርጉ።

1. ስፒከሩ 5.1 መግቢያ ላይ እንዲሆን በሪሞቱ ወይም በቁልፉ ምረጡ። ድምፁን ዝቅ አድርጉ።
2. የስልካችሁን ጃክ ለፊት በተባለው መግቢያ ሰክታችሁ ዘፈን ክፈቱ። ከአምስቱ ስፒከሮች የፊት ግራና ቀኝ ብቻ መሰማት አለባቸው።
3. ጃኩን ወደ ኋላ መግቢያ አዛውሩት። አሁን ከአምስቱ የኋላዎቹ ብቻ መሰማት አለባቸው።
4. ወደ መሃልና ቤዝ መግቢያ አዛውሩት። የመሃሉ ስፒከር ይናገራል፤ ቤዙ ደግሞ ወፍራሙን ብቻ ያጉረመርማል።

ሦስቱንም ስትቀያይሩ ድምፁ ከሁሉም ስፒከር እኩል የሚወጣ ከሆነ ያ ሲስተም የ5.1 ልብስ የለበሰ ስቴሪዮ ነው። አስቀምጡት።

ከዚያ ወፍራም ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱና ድምፁን ግማሽ ድረስ አንሱት። እጃችሁን ቤዙ ሣጥን ላይ አድርጉ። መንቀጥቀጡ ያለ ነው። ፕላስቲክ የሚንኳኳ ድምፅ ግን የላላ ነገር እንዳለ ይነግራችኋል። ያገለገለ ከሆነ የስፒከሩን ዙሪያ ጎማ ወይም ስፖንጅ በባትሪ መብራት እዩ፤ ስፖንጁ በዕድሜ ይበሰብሳል። ዘፈኑን አቁማችሁ ድምፁን እንደተነሳ ተዉትና ጆሯችሁን አስጠጉ። ስስ እሽታ ችግር የለውም። ከአንድ ሜትር ላይ የሚሰማ ጉርምርምታ ካለ ግን ተዉት። ሪሞቱንም አትርሱ፤ ብዙ ሲስተም ላይ የኋላና የመሃል ድምፅ የሚስተካከለው በሪሞት ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ አቀማመጥ

የፊቶቹን ሁለት ስፒከሮች፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ እናንተ ካለው ጋር እኩል እንዲሆን አስቀምጡ። ያኔ ከመሃል መስመር 30 ዲግሪ ላይ ይውላሉ፤ ትክክለኛውም ቦታ ይኸው ነው። የመሃሉን ከስክሪኑ በታች ወይም በላይ አድርጋችሁ አፉን ወደ ጆሯችሁ አዘንብሉት። ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ የወጣ የሚመስለው ያን ጊዜ ነው።

የኋላዎቹ ስማቸው ኋላ ቢሆንም ቦታቸው ከጎናችሁ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ነው። ከጆሮ ትንሽ ከፍ ይበሉ። ሶፋው ግድግዳ የተጠጋ ከሆነ ጎን ለጎን በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ስቀሏቸው። ከራስ ቅላችሁ ጀርባ መስቀል አያዋጣም፤ ጆሮ አጠገብ ሆነው የፊቱን ይውጡታል።

ቤዙ የትም ቢሆን ግድ የለም ይባላል። እውነት አይደለም። ጥግ ላይ ሲሆን ቤዙ ይጨምራል፤ ሲበዛ ግን ድምፁ ይደፈናል። ቤዙን ራሳችሁ በምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡና ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ በግድግዳው ሥር እየተዘዋወራችሁ አዳምጡ። ቤዙ ጥርት ብሎ በተሰማችሁ ቦታ ላይ አምጥታችሁ አስቀምጡት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ አድርጉ። ወለሉ ላይ ያለውን ንዝረት ይቀንሳል፤ የታች ጎረቤትም ያመሰግናችኋል።

ደረጃ 8፦ ገመድ ማሰር

ማስጠንቀቂያ፦ ስፒከር ስታስሩ ዋናው ሶኬት ይነቀል። ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ተነካክተው አምፕሊፋየሩ ከበራ መውጫው ሊቃጠል ይችላል። ከክሊፑ ውጭ የተንጨፈረረ ሽቦ አታስተርፉ።

ለእያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ፕላስተር ለጥፉና ስም ጻፉበት። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይታሰራል። የስፒከር ገመድ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎኑ መስመር አለው፤ ባለመስመሩን ሁልጊዜ ለአንዱ፣ ለምሳሌ ለጥቁር፣ መድቡት። ይህ ለምን ያስፈልጋል? አንዱ ስፒከር ከተገላበጠ፣ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። ቤዙ ይጠፋል፤ ድምፁም ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

የስፒከሩ ቀለም ከጠፋ ባትሪ ድንጋዩን ተጠቀሙ። ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ ሙሉ በሙሉ ንቀሉት። የሁለቱን ሽቦ ጫፎች ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ላይ ለቅጽበት ብቻ ነካ አድርጉ። ሸራው ወደ ውጭ ብቅ ካለ፣ ፖዘቲቩን የነካው ሽቦ ቀዩ ነው። ከ1.5 ቮልት በላይ አትጠቀሙ፤ ነክታችሁም አትቆዩ።

የድምፅ ገመዱን ከኮረንቲ ገመድ ጋር አብራችሁ አትጠቅልሉ።

ደረጃ 9፦ ዊንዶውስ ላይ ማስተካከል

መጀመሪያ የማዘርቦርዱን ወይም የሳውንድ ካርዱን አምራች ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ጫኑ። ዊንዶውስ በራሱ የሚጭነው አንዳንዴ ስቴሪዮ ብቻ ያሳያል። ጃክ ስትሰኩ «ምን ሰካችሁ?» የሚል መስኮት ከመጣ ለእያንዳንዱ ትክክለኛውን ምረጡ። ባለሦስት ቀዳዳ ዴስክቶፕ ላይ ሰማያዊና ሮዙ የሚቀየሩት እዚህ ነው።

1. ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የስፒከር ምልክት በቀኝ ክሊክ ተጫኑና ሳውንድ ሴቲንግስ ግቡ። ወደ ታች ወርዳችሁ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈቱ።
2. «ፕሌይባክ» ላይ ስፒከራችሁን መርጣችሁ «ኮንፊገር» በሉ።
3. 5.1 ምረጡ። ሁለት ዓይነት 5.1 ካሳያችሁ ልዩነታቸው የጎንና የኋላ ስፒከር ነው። አንዱን መርጣችሁ የኋላዎቹ ዝም ካሉ ሌላውን ሞክሩ።
4. ስዕሉ ላይ ያሉትን ስፒከሮች አንድ በአንድ ተጫኑ። የተጫናችሁት ስፒከር ብቻ መጮህ አለበት።
5. «ፉል ሬንጅ» የሚለው ገጽ ሲመጣ ምልክቱን አንሱ። ትናንሾቹ ስፒከሮች ወፍራም ድምፅ ማውጣት እንደማይችሉ ለሲስተሙ መንገር ነው።

«ስፓሻል ሳውንድ» የሚለው ይጥፋ። ዊንዶውስ ሶኒክ ለጆሮ ማዳመጫ የተሠራ ነው፤ ስፒከር ላይ ድምፁን ያበላሸዋል።

በመጨረሻ የድምፅ መጠኑን አመጣጥኑ። ጠረጴዛ ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ የፊቶቹ 70 ሳንቲሜትር፣ የኋላዎቹ 2 ሜትር ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የቀረበው ስለሚጮህ የፊቶቹን ዝቅ፣ የኋላዎቹን ከፍ አድርጉ። የቴስቱ ድምፅ ከሁሉም እኩል ሲሰማ አቁሙ። ፊልም ስታዩ ንግግር ካነሰባችሁ የመሃሉን ብቻ ትንሽ ጨምሩ።

ደረጃ 10፦ የምታጫውቱት ፋይል 5.1 መሆኑን እዩ

ፊልሙን በቪኤልሲ ክፈቱና ኮንትሮልና ጄን አብራችሁ ተጫኑ። የድምፁ መረጃ ሥር «ቻነልስ» የሚለው አጠገብ «ስቴሪዮ» ካለ ፋይሉ ራሱ ባለሁለት ድምፅ ነው። «3ኤፍ2አር/ኤልኤፍኢ» ካለ 5.1 ነው፦ ሦስት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ቤዝ። ፋይሉ 5.1 ሆኖ ቪኤልሲ ስቴሪዮ ካወጣ «ኦዲዮ» ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ ምርጫውን አስተካክሉ። በኦፕቲካል የምትጠቀሙ ደግሞ በቪኤልሲ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ «ፓስስሩ» የሚለውን አብሩ።

ዩቲዩብ ላይ የምታዩት የአማርኛ ድራማ፣ ዘፈንና ዜና ከሞላ ጎደል ሁሉም ስቴሪዮ ነው። ከኋላ ድምፅ አለመምጣቱ ብልሽት አይደለም። ሁሉም እንዲጮህ ከፈለጋችሁ በሪልቴክ ፕሮግራም ውስጥ «ስፒከር ፊል» የሚል ካለ እሱን፣ ከሌለ የስፒከሩን የራሱን የስቴሪዮ ማስፊያ ቁልፍ ተጠቀሙ።

የተለመዱ ችግሮችና ስህተቶች

ንግግሩ ከቤዙ እየወጣ የመሃሉ ዝም ካለ፦ ሁለቱ ድምፆች በአንድ ጃክ ስለሚመጡ ተቀያይረዋል ማለት ነው። ዕቃ አልተበላሸም። በድራይቨሩ ውስጥ መሃልንና ቤዝን የሚያቀያይር ምርጫ አለ፤ አርሲኤ ከሆነ ሁለቱን ገመዶች አቀያይሩ።

የማያቋርጥ «ኧምምም» የሚል ድምፅ፦ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ። ከጠፋ ችግሩ የመሬት መስመሩ ነው። ኮምፒውተሩንና ስፒከሩን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ካልጠፋ ለድምፅ ገመድ የሚሆን ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ግዙ። የሶኬቱን የመሬት እግር ግን አትቁረጡ። ያ እግር ዕቃው ውስጡ ቢበላሽ ኮረንቲ እንዳይዛችሁ የተሠራ ነው።

ሲበራና ሲጠፋ «ጧ» የሚል ድምፅ፦ ስታበሩ ኮምፒውተሩን አስቀድሙ፣ ስፒከሩን መጨረሻ። ስታጠፉ ተገላቢጦሽ። ያ ድንገተኛ ምት በጊዜ ብዛት ስፒከሩን ይጎዳዋል።

ድምፁ ሲነሳ መሰነጣጠቅ፦ ኮምፒውተሩ ላይ 100 አድርጋችሁ ቤዙ ላይ ዝቅ ማድረግን፣ ወይም ተቃራኒውን ሞክሩ። ኮምፒውተሩ 80 አካባቢ ሆኖ ቀሪው በስፒከሩ ቁልፍ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ይጠራል። አሁንም ከተሰነጠቀ አምፕሊፋየሩ አቅሙ እዚያ ድረስ ነው፤ አትግፉት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ፦ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ከፍና ዝቅ ይላል። ለጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ካላችሁ እሱ ይበቃል። ከሌላችሁ መብራት እንደሄደ ቤዙን ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ቁልፉን ማጥፋት ብቻ ብዙ ሲስተም ላይ ትራንስፎርመሩን ከመስመሩ አያላቅቀውም።